የምግብ ትራፊ ለብቻው ይሰብሰብ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ነው። ማታ ማታ ከምግብ ቤቶች ጓሮ የሚወጣውን ጆንያ አያለሁ፤ ወጥ የነካው እንጀራ፣ የድንች ልጣጭና የቡና አተላ ከተሰበረ ጠርሙስ ጋር ተደባልቆ፣ ውኃው አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። የጽዳት ሠራተኞቹ ያንን ነው በእጃቸው የሚያነሡት። እንጀራ መርገጥ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ይህን እንዴት ለመድነው?

ትራፊው ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል። ክምሩም ራሱ አደጋ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማችን ቆሻሻ መጣያ የሆነው የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። ደቡብ ኮሪያ የምግብ ትራፊ መቅበርን እ.ኤ.አ. በ2005 ከልክላለች። የእኛም የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቆሻሻን በዓይነቱ ስለ መለየት ይናገር ነበር። የከተማው አስተዳደር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ትራፊውን ለብቻው በክዳን ባለው በርሜል እንዲያስቀምጡ የሚያስገድድ ደንብ ያውጣ። ጠርሙስና ላስቲክ ካልገባበት ትራፊው ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ይሆናል፤ ፈላጊው የከተማችን አትክልት አምራች ነው።

አንድ የፒያሳ ነዋሪ