ዋስ የሆነው ይሉኝታዬ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኢኮኖሚ ገጻችሁ ላይ ስለ ቁጠባና ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚወጡትን ምክሮች ዘወትር አነባለሁ፤ ጥቅማቸውንም አልክድም። ሆኖም ምክሮቹ ሁሉ አንድን ነገር እንደ እርግጥ ወስደው የሚነሡ ይመስለኛል፤ ይኸውም ሰው በሚወስንበት ሰዓት እየወሰነ መሆኑን ያውቃል የሚለው ነው። እኔ ግን በ46 ዓመቴ፣ ያውም ሃያ ሁለቱን ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አሳልፌ፣ ይህን አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካፌ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለሚወስደው ብድር ዋስ እንድሆነው ጠየቀኝ። ቅጹን ከማኪያቶው ብርጭቆ አጠገብ ዘረጋው። ሁለት የጋራ ወዳጆቻችን አብረውን ነበሩ፤ አንደኛው ወደ እኔ እያመለከተ «እሱ እኮ ለሰው ሟች ነው» አለ። ሳላነብ ፈረምሁ። ለመፈረም የፈጀብኝ ጊዜ ስኳሩን ከማማሰያው ጊዜ አይበልጥም ነበር። ባልደረባዬ ከስምንት ወር በኋላ ሥራውን ለቆ ከከተማው ወጣ፤ እኔም ከደመወዜ እስከ ሲሶው እየተቆረጠ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፣ ያልበላሁትን ዕዳ ከፈልሁ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ ሕጉ እንደ እኔ ላለ ሰው ቀድሞ አስቦለት የነበረ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ የዋስትና ግዴታ በግልጽ የተነገረ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን እንዲወሰን ያዝዛል፤ መጠኑ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። በፈረምሁት ቅጽ ላይም መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ተጽፎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳመሳክር የምውለው ሰው ያቺን አንዲት ቁጥር አላየኋትም።

ለምን አላየኋትም? የመጀመሪያ መልሴ «ደግ ስለሆንሁ» የሚል ነበር፤ ባለቤቴ ግን አልተቀበለችውም። «ሁለቱ ጓደኞችህ ባይኖሩ ትፈርም ነበር?» አለችኝ። ዝም አልሁ። በማግሥቱ ከሂርማታ ገበያ አንዲት ትንሽ ደብተር ገዝቼ፣ በየቀኑ «እሺ» ያልሁበትን ነገር ማታ ማታ መጻፍ ጀመርሁ፤ ምን እንደ ተጠየቅሁ፣ ስንት ሰዓት እንደ ነበር፣ ማን አጠገቤ እንደ ነበረ፣ ሆዴ በዚያች ቅጽበት ምን ይለኝ እንደ ነበር። አራት ወር ገፋሁበት። በኋላ የተጸጸትሁባቸው እሺታዎች አብዛኞቹ ሦስተኛ ሰው ባለበት የተሰጡ ሆነው ተገኙ፤ ከቀሩትም የሚበዙት ደክሞኝና ርቦኝ ከመሥሪያ ቤት ልወጣ ስል የተሰጡ ነበሩ። ደግነት የሚባለው በደብተሩ ውስጥ እምብዛም አልነበረም።

ይሉኝታ እንለዋለን። ቃሉ «ይሉኛል» ከማለት የመጣ ነው፤ እነማን እንደሚሉ ግን አይናገርም። ይሉኝታን የማጣጥል ሰው አይደለሁም፤ ለቅሶ የሚያስደርሰን፣ የዕድር መዋጮ በወቅቱ የሚያስከፍለን አንዳንዴ እሱው ነው፤ ይሉኝታ ቢስ ጎረቤት ምን እንደሚያደርግም ሁላችንም እናውቃለን። የምቃወመው እኔ ሳላውቀው በስሜ ሲፈርም ነው።

በዚህ በኩል ብቻዬን አይደለሁም። ጎማ ወረዳ ቡና ያለው አጎቴ በለቀማ ወቅት ቀይ ፍሬውን ብቻ መርጦ ይለቅማል፤ የአንድ ቅርንጫፍ ፍሬ ባንድ ጊዜ ስለማይበስል፣ አረንጓዴውን ትቶ ወደ አንዱ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል። እሸቱን ሸጦ ገንዘብ ሲይዝ ግን ለሠርግ፣ ለብድር፣ ለመዋጮ የጠየቀውን ሁሉ ባንድ ሳምንት «እሺ» ይላል፤ ክረምት ሲገባም ራሱ ከነጋዴ ይበደራል። ይህን ባነሣበት ሳቀና «አየህ ልጄ፣ ቡናውን ‹ቆይ› ብለው አይቀየመኝም» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ራስን መመርመር ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። ጅማ ላይ ለኖረ ሰው ይህ አያስኬድም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥራ ሁሉ በኒያ፣ ማለትም በልብ ሐሳብ፣ ነው ሲሉ፣ እኛም ከመቁረብ በፊት ሰው ራሱን ይመርምር ሲባል ሰምተን አድገናል። ከዘመኑ ተመራማሪዎች ደግሞ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ «እጠነቀቃለሁ» ብሎ በደምሳሳው ከማሰብ ይልቅ «እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ ሐሳብን በሥራ ለማዋል ይበልጥ እንደሚረዳ አሳይቷል። የእኔ ቁርጥ ሐሳብ አጭር ናት፤ ፊርማ ወይም ገንዘብ ስጠየቅ፣ ጠያቂው ማንም ቢሆን፣ «ነገ ጠዋት እነግርሃለሁ» እላለሁ። ያለ ዋጋ አይደለም፤ አንድ የቅርብ ዘመዴ በዚህች ቃል ምክንያት ሁለት ወር አኩርፎኛል። ደብተሩም ይሰለቻል፤ አሁን የምጽፈው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ ስለ ዋስትና ሕግ በሰፊው እንዲጻፍልን፣ ከቁጠባ ምክሮቹም ጎን ሰው እንዴት «እሺ» እንደሚል እንዲነሣ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በሰው ዕዳ ደመወዙ የሚቆረጥ ሠራተኛ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነበው አልጠራጠርም።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ለወንድሟ የሥራ ዋስትና ቅጽ ይዛልኝ መጣች፤ ሌሎችም ቆመው ነበር። «ነገ ጠዋት» አልኋት፤ ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። ቅጹን ቤት ወስጄ ከባለቤቴ ጋር አነበብነው፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየነው፤ ቢመጣብን ልንሸከመው እንደምንችልም አሰላን። ማክሰኞ ጠዋት ፈረምሁላት።

ባልደረባዬ እንዳይታወቅብኝ ስሜ ባይወጣ እመርጣለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጅማ