የቃኘውን የባሕር ጉዞ ታሪክ አብረን እንሰብስብ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣

በኮርያ ጦርነት የዘመተው የአገራችን ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ኮርያ ላይ ስለፈጸመው ጀብዱ ብዙ ተነግሯል። ዘማቾቹን እዚያ ስላደረሰችው መርከብ ግን የሚያወራ የለም።

ጄኔራል ማክሬ ትባላለች። በ1936 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ሪችመንድ ውስጥ የተሠራች የአሜሪካ ወታደር ማመላለሻ ነበረች። ርዝመቷ 159 ሜትር ሲሆን ከ3,000 በላይ ሰው ትጭናለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካገለገለች በኋላ ለኮርያ ዘመቻም ተሰማራች። በ1943 ዓ.ም. አገራችን ገና የራሷ ወደብ ስላልነበራት፣ የክብር ዘበኛ ልጆች በባቡር ጅቡቲ ወርደው ነው የተሳፈሩባት። ሚያዝያ 8 ቀን በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ጉዞ ጀመሩ። የደቡብ ኮርያ ወደብ ቡሳን የገቡት በወሩ መጨረሻ ነው።

እኛን የሚያንገበግበን የእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነገር ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 21 ነው። ሰሙነ ሕማማቱም ትንሣኤውም ያለፈው ባሕር ላይ ነው ማለት ነው። ጿሚው በባዕድ መርከብ ወጥ ቤት ምን በላ? ስግደቱ የት ተሰገደ? በምን ፈሰኩ? ባሕር አይቶ የማያውቀው የደጋ ልጅስ ማዕበሉን እንዴት ቻለው? ይህን ሊነግሩን የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። በሕይወት ያሉትም አብዛኞቹ ዘጠና ዓመት ተሻግረዋል። በዚያ ላይ በደርግ ጊዜ፣ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ሲወዳጅ፣ ፎቶና ሜዳይ የደበቁ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ስለዚህ የዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰባስበን ድምፃቸውን መቅዳት፣ ፎቶና ደብዳቤያቸውን ስካን አድርገን ለሁሉም ክፍት ማድረግ እንፈልጋለን። ለድምፅ መቅጃ፣ ለስካነር፣ ለሃርድ ዲስክ፣ የተቀዳውን ለሚጽፉ ልጆች አበል እና ለትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልገናል። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የአቅማችሁን አዋጡ። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ደረሰኙንም በየወሩ ለሁላችሁም እናሳያለን።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ስለ መርከቧ በቤተ መዛግብት የተቀመጠ ሰነድ ካለ በመፈለግ በጉልበታችሁ አግዙን።

ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የቆየ ፎቶ ካለ ጥሩን። መርከብ ላይ የተነሣ ከሆነማ ቅድሚያ እንሰጠዋለን። ይዘነው አንሄድም፤ እዚያው ፊታችሁ ስካን አድርገን እንመልሳለን።