«ለምን ፈለጋችሁት?»፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የጀመረው በእኔ ጥፋት ነው። ኅዳር ላይ የአባላቱን ዝርዝር አትሜ መግቢያው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ለጠፍኩ። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ክፍል፣ የወላጅ ስልክ። አርባ አንድ ልጅ። ስልኩን ያስገባሁት ቁጥሩ የተሳሳተ ወላጅ ካለ አይቶ ያሳርማል ብዬ ነበር። ያኔ ብልህነት መስሎኛል።

በዚያው ሳምንት እንግዳ ጋብዘን ነበር። የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን እናት ናቸው። ጠበቃ ናቸው፤ የሚሠሩት በግል መረጃ ጥበቃ ላይ ነው። (ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ምን ይደረግ፣ የሙያ ነገር!) ከጥበቃው ጋር ሰላም ተባብለው ይገባሉ ብዬ ስጠብቅ ሰሌዳው ጋ ቆሙ። መነጽራቸውን አወጡ። ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና የራሳቸው ቁጥር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ዞር ብለው አስፋልቱን አዩ። ባጃጆቹ፣ ቆሎ ሻጯ፣ አጥሩን ተደግፈው የቆሙት የሰፈር ልጆች፣ ሁሉም ሰሌዳውን ማንበብ ይችላሉ።

«መምህር፣ ይህን ስልክ ለምን ፈለጋችሁት?»

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን እዚያው ገነጠልኩት። ጥያቄዋ ግን ከእኛ ጋር ቀረች። ዘንድሮ የቤት ሥራ አምጡ ባልኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ለምን ፈለጉት?» የሚል ድምፅ አይጠፋም።

ልጆቹ ጠበቃ ሲባል የጠበቁት ሌላ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ነፍሰ ገዳይ ወክለው ያውቃሉ?» የሚል ነው። እሳቸው አብዛኛውን ቀን ፎርምና ውል ሲያነቡ እንደሚውሉ ሲናገሩ ክፍሉ ቀዘቀዘ። የሞቀው ሕጉ ስለ ፎቶ ምን እንደሚል ሲያወሩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን ይከለክላል። ፎቶ ቤት ሄዶ መነሳት የበዓል ጉዳይ በነበረበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው! ስለ ግል ሕይወት መከበር የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 አስከተሉ። ቀጥለው በ2016 የጸደቀውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መሆኑን ነገሩን። የአውሮፓ ኅብረትን የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለማነጻጸሪያ አነሱ። ከግንቦት 2010 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ሕግ፣ የያዘው መረጃ ያፈተለከበት ድርጅት ጉዳዩን በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ይሄኔ ስልኩን በዴስኩ ሥር ይነካካ ጀመር። የፋይዳ ካርዱን ፎቶ፣ 12ቱ ቁጥር ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ቴሌግራም ላይ ለጥፎት ኖሯል። ሲያጠፋው አየሁት፤ ዝም አልኩት።

ሴትዮዋ ሌላም ፍቅር አለባቸው፤ ጉዞና ዲዛይን። ሁለቱን ያገናኘላቸው አንድ ወፍራም ደብተር ነው። በሄዱበት ሁሉ ያገኙትን ቲኬት፣ የስኳር መጠቅለያ፣ የሆቴል ካርድ ይለጥፉበታል። የብራስልስ ትራም ቲኬት ካለበት ገጽ ፊት ለፊት የአንበሳ አውቶቡስ ቲኬት አለ። ልጆቹን የትኛው ቶሎ ይነበባል ብለው አከራከሯቸው። እኔ ለአንበሳ ፈረድኩ፤ አድልቼ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ራሳችን ፎርም ዞርን። ከእኔ በፊት ከነበሩት መምህር የወረስኩት፣ በኮፒ ብዛት የደበዘዘ፣ 14 ጥያቄ ያለው ወረቀት ነው። ሃይማኖት፣ የቤት ቁጥር፣ የወላጅ ሥራ፣ የደም ዓይነት ሳይቀር ይጠይቃል። የደም ዓይነቱን ማን እንደጨመረው እስካሁን አልታወቀም። ማይክ ለመያዝ ደም አይለገስም። ልጆቹ ሁለት ዓርብ ሙሉ እያንዳንዱን መስመር «ለምን ፈለግነው?» እያሉ ተከራከሩ። አራት ቀረ፦ ስም፣ ክፍል፣ መሥራት የሚፈልጉት ዘርፍ፣ ፎቶ ላይ ለመታየት ፈቃደኛ መሆን አለመሆን። የመጨረሻዋን በካንቫ፣ በዲዛይን መሥሪያው መተግበሪያ፣ ሲሠሩ ከግርጌ በ8 ነጥብ ደቃቅ ፊደል ጻፏት። ጠበቃዋ ወረቀቱን በክንዳቸው ርዝመት ያዙና «ለመነበብ ነው ለመደበቅ?» አሉ። አሁን በ14 ነጥብ ከላይ ሆናለች፤ «አዎ» እና «አይ» የሚሉት ሳጥኖችም እኩል ናቸው። ልጆቹ መጀመሪያ «አዎ»ን አረንጓዴ አድርገው አተልቀውት ነበር።

ሚያዝያ ላይ ጥያ ሄድን። ከቱሉ ዲምቱ ሌሊት 11 ሰዓት በቅጥቅጥ ተነስተን፣ በዓለም ገና አድርገን፣ አዋሽን ተሻግረን። ጥያ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ካሉት 36 ሐውልቶች 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ልጆቹ ድንጋዩ ላይ ያሉትን ጎራዴዎች ሲቆጥሩ ጠበቃዋ ሣሩ ላይ ተቀምጠው አንዱን ሐውልት በእርሳስ ይስላሉ። ከግቢው ውጪ ግን አንዲት ተማሪ በመንገዱ የሚያልፉ አሮጊት ላይ ካሜራ ደቀነች። ከዚያ ትዝ አላት መሰለኝ ዝቅ አደረገችው፤ ሮጣ ሄዳ ጠየቀቻቸው። እማማ «ቆይ ነጠላዬን ልቀይር» ብለው ቤት ገቡ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅናቸው፤ ሾፌሩ ተቆጣ። ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አስተካክለው ወጡ። ፎቶው አልቆ «የታለ የኔ?» አሉ። አሳትመን በዚያ መስመር በሚሠራ ሾፌር ልከንላቸዋል።

መልሱ ላይ ጎማችን ፈነዳ። መሽቷል፤ ቅዳሜ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል ዝግ ነው። የወላጅ ስልክ ደግሞ ከፎርሙ ተሰርዟል! እኔ ስልኩ ይቆይ ብዬ ተከራክሬ ተሸንፌ ነበርና በልቤ ትንሽ ደስ አለኝ። ልጆቹ በየራሳቸው ስልክ ደወሉ፤ ስልክ ያልያዙት ከጓደኛ ተዋሱ። ማክሰኞ ተሰብስበን አዲስ ደንብ አወጣን። ለጉዞ ብቻ የስልክ ዝርዝር ይያዛል፣ በታሸገ ፖስታ መምህሩ ጋ ይቀመጣል፣ ሁሉም ልጅ ቤቱ ሲገባ ይቀደዳል። ጠበቃዋ ሲሰሙ «ይሄንን እኔም ለደንበኞቼ እነግራለሁ» አሉ።

የቀረው እንደ ወትሮው ነው። ጥያቄና መልስ ውድድር ሁለተኛ ወጣን፣ አንዱ ማይክ ከየካቲት ጀምሮ ይንጫጫል። የዘገዩ ተማሪዎችን ስም በድምፅ ማጉያ ማንበብም አቁመናል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር።

ከዚህ ገጽ ጎን የክበቡ ፎቶ አለ። ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙት ሦስቱ «አይ» የሚለውን የሞሉት ናቸው። መሃል ላይ ያለው ባዶ ወንበር የጠበቃዋ ነው።