ያጠፋሃቸው ሦስት ረድፎች

ልጄ፣

የላክህልኝን የአክሲዮን መመዝገቢያ ፋይል ትናንት ማታ ከፍቼ አየሁት። «እማ፣ 31 በመቶ አትርፌያለሁ፣ እስኪ እይልኝ» ብለህ ነበር። አየሁልህ። ቅር አይበልህና 31 በመቶው የለም። ከስረሃል ማለቴ አይደለም። ሺትህ፣ ማለትም የምትመዘግብበት ሠንጠረዥ፣ ግን እየዋሸህ ነው። ውሸት ያስተማርከው ደግሞ አንተው ነህ።

አክሲዮን በሸጥክ ቁጥር ረድፉን ታጠፋዋለህ። በምን አወቅሽ ትለኝ ይሆናል። ተራ ቁጥሩ ከ11 ወደ 13፣ ከ19 ወደ 22 ይዘላል። እናትህ ዕድሜዋን ሂሳብ መዝገብ ላይ የጨረሰች ሴት ናት። የተዘለለ ቁጥር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እነዚህ ሦስት ረድፎች ያከሰሩህ ካልሆኑ ይገርመኛል። ሰው ያተረፈበትን ረድፍ አያጠፋማ! እየከፈተ ያየዋል እንጂ።

ከእንግዲህ ግዢም ሽያጭም የየራሳቸው ረድፍ ይኑራቸው። አንዴ የተጻፈ አይነካም። ግዢውን በፕላስ፣ ሽያጩን በማይነስ ጻፈው። 50 ገዝተህ 20 ከሸጥክ፣ ሰምኢፍ የሚባለው ፎርሙላ በአክሲዮኑ ስም ለይቶ ይደምርና 30 ይልሃል። ይህ 30 ብሮከርህ፣ አክሲዮን የሚገዛልህና የሚሸጥልህ ድርጅት፣ ከሚልክልህ ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ከስሙ ኋላ ባዶ ቦታ ገብቶ እንደሆነ እይ። ለዓይን አይታይም። ለፎርሙላው ግን ሌላ ስም ነው። አንተም ጋ አንድ እንዲህ ያለ አግኝቻለሁ። ትሪም የሚባለው ፎርሙላ ያጸዳልሃል።

አማካይ መግዣ ዋጋህንም ተሳስተሃል። 10 አክሲዮን በ100 ገዛህ፣ ቆይተህ 30 በ140 ጨመርክ። ሁለቱን ዋጋ ደምረህ ለሁለት አካፈልክና 120 አልክ። እስኪ ያወጣኸውን ቁጠረው፦ 1,000 እና 4,200፣ ባጠቃላይ 5,200። ለ40 ሲካፈል 130 ነው። 125 ላይ ብትሸጥ ሺትህ እልል ይላል፣ ኪስህ ግን ጎድሏል። ብዛቱን ከዋጋው ጋር አባዝቶ የሚደምረው ሰምፕሮደክት ነው፤ ድምሩን ለጠቅላላው ብዛት ታካፍለዋለህ። ኮሚሽኑን እዚያው መጨመር አትርሳ።

ሌላው፣ የትርፍህ ድምር 40ኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። አንተ ግን 47ኛው ላይ ደርሰሃል። በዚህስ አላፍርብህም፣ ካንተ የባሱም ተሳስተዋል። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የሚባሉ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳና ስለ ዕድገት ጥናት አወጡ። መንግሥታት በጀት ሲቀንሱ እየጠቀሱት ይከራከሩበት ነበር። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የሚባል ተማሪ ኤክሴል ፋይላቸውን ሲመረምር የአማካዩ ፎርሙላ አምስት አገሮችን ዘሎ ኖሯል። ፎርሙላው እስከ መጨረሻው ረድፍ አልተጎተተም። ስህተቱን አምነዋል።

እኔም ራሴ ከዚህ አላመለጥኩም። አንድ ጊዜ ሰዓት አጥሮኝ «ለጊዜው» ብዬ ፎርሙላ ላይ ቁጥር ጻፍኩበት። ያ «ለጊዜው» ስምንት ወር ቆየ። ከዚያ ወዲህ በእጄ የምጽፈውን በሰማያዊ፣ ፎርሙላውን በጥቁር አደርጋለሁ። ያንተንም እንዲሁ ቀባሁት። ካልወደድከው መልሰው፣ ግን አትወደውም ብዬ አላስብም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትርፍህን ያካፈልከው መጀመሪያ ላስገባኸው ገንዘብ ብቻ ነው። በመሃል የጨመርከውስ? እሱም ሠርቷል፣ ለትርፉም ድርሻ አለው። ትንሽ ምሳሌ ልስጥህ። ዓመቱ ሲጀምር 1,000 አስገባህ። ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ሌላ 1,000 ጨመርክ። በመጨረሻ ሂሳብህ ላይ 2,100 አለ። ትርፉ 100 ነው። ለመጀመሪያው 1,000 ብታካፍለው 10 በመቶ ይሆናል። ለ2,000 ብታካፍለው 5 በመቶ። የመጀመሪያው ሁለተኛውን 1,000 ይረሳዋል። ሌላው ደግሞ አንድ ወር ብቻ የቆየውን ገንዘብ ዓመት ሙሉ እንደሠራ ይቆጥረዋል። ቀኑን የሚቆጥረው ኤክስአይአርአር የሚባለው ፎርሙላ ነው። በአንድ ዓምድ ቀኑን፣ በሌላው ገንዘቡን ትሰጠዋለህ። ያስገባኸውን በማይነስ፣ ዛሬ ያለህን በፕላስ። መልሱ ከ9 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ምልክቱን ረስተህ ሁሉንም ፕላስ ካደረግከው ስህተት ብሎ ይመልስልሃል። እኔ እንኳ ስንቴ ረስቼዋለሁ!

ቀኖቹን ደግሞ እይ። ሺትህ ቀንን የሚያስቀምጠው ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ተራ ቁጥር አድርጎ ነው። እንደ ጽሑፍ የገባ ቀን ወደ ግራ ይጠጋል፣ ትክክለኛው ወደ ቀኝ። አንተ ካላሰለፍካቸው ማለቴ ነው። አራቱ ግራ ቆመው አግኝቼ አስተካከልኳቸው።

ዋጋውን ጉግልፋይናንስ በሚባለው ፎርሙላ ማምጣትህን ወድጄዋለሁ። እስከ 20 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል፣ ላንተ ግን ምንም አይደል። አክሲዮን ሲከፋፈል ብቻ ጠንቀቅ በል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 አንዱን አክሲዮን አራት አደረገው። ዋጋው ወደ ሩብ ወረደ፣ ባለ አክሲዮኖቹ ግን ምንም አልጎደለባቸውም። ብዛቱን የሚያስተካክል ረድፍ ካልጨመርክ ሺትህ ሦስት አራተኛው ገንዘብህ ጠፋ ብሎ ያስደነግጥሃል።

ፋይሉን መልሼልሃለሁ። 12፣ 20 እና 21ን በቢጫ ባዶ ትቻቸዋለሁ። ከስቴትመንቱ ፈልገህ ሙላቸው። የቀረውን እሑድ ደውልልኝና አብረን እናየዋለን።

እናትህ