ዋንጫው ያልተመለሰበት ዓመት፦ የእግር ኳስ ክበብ ዘገባ

አምና በዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር ያነሳነው ዋንጫ ዘንድሮ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቷል። እኛ ከግማሽ ፍጻሜ በመለያ ምት ተሸንፈን ወጥተናል። «ልጆቹ ዋንጫ ካገኙ በኋላ ልምምድ ናቁ» የሚል ወሬ በግቢው ስለተሰማ ከዚሁ ልጀምር። ዋንጫውን ካነሱት አሥራ አንድ ቋሚ ተሰላፊዎች ስምንቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ፤ ተፈትነው ሄደዋል። መስከረም ላይ በእጃችን የነበሩት ሁለት ተከላካዮችና አንድ አማካይ ብቻ ናቸው። በረኛችን ከመረብ ኳስ ክበብ የመጣ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ግማሽ ፍጻሜ ከደረሰ ምስጋና ይገባዋል። ብሔራዊ ቡድናችንም በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ካነሳ በኋላ፣ በቀጣዩ ውድድር በ1956 ዓ.ም. ከጋና የተመለሰው አራተኛ ሆኖ ነው።

የክበቡ ስብሰባዎች በየወሩ ተካሂደዋል፤ አምበልና ንብረት ያዥ ተመርጠዋል፤ 18 ተጫዋቾች ተለይተው ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ተለማምደዋል። ቅዳሜ ጠዋት የነበረውን ልምምድ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ 4 ሰዓት ገፍተነዋል። ውርጭ ባለበት ማለዳ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ የሮጠ ልጅ የኋላ ጭኑን ይሸመቅቀዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ እንዲህ ሆነውብናል።

የደቡብ በኩሉ የግብ ቋሚ ጥቅምት ላይ ወደቀ። ባሕር ዛፍ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሥሩ ግን ባዶ ሆኗል። ልጆቹ አዲስ እንጨት ልጠው አደረቁ፣ የሚቀበረውን ክፍል የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ዙሪያውን በድንጋይ ጠቀጠቁት። በቋሚዎቹ መካከል 7.32 ሜትር፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው 2.44 ሜትር በሜትር ተለክቶ ተተክሏል። መረብ ግን እስካሁን የለውም።

የዓመቱ ትልቁ ጉዞ የካቲት ላይ ሸዋ ሮቢት ያደረግነው የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው የሚወረደው። ካፖርት ለብሰው የተሳፈሩ ልጆች ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሲገዙ ካፖርቱን በክንዳቸው ይዘውት ነበር።

እዚያ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው ስለ ኳስ ነው። እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ምት ርቆ ይሄዳል፤ ቆላ ላይ አየሩ ወፈር ስለሚል ኳሷ ቶሎ ትወድቃለች፣ ስትጠመዘዝም አብዝታ ትጠመዘዛለች። በረኛችን ከእጁ ለቆ የሚመታት ኳስ ሁልጊዜ ከምታርፍበት ቀድማ እየወደቀች፣ አጥቂዎቻችን ከኋላቸው ስታርፍ ያዩ ነበር። ከእረፍት በኋላ በአጭር ቅብብል ተጫወትንና ከ2 ለ 0 ተነስተን 2 ለ 2 ወጣን። ሁለተኛው ስለ ሙቀት ነው። ለ18 ልጅ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይዘን ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሊትር ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ገብቶበታል። ጥማት ሳይጠበቅ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ተጎንጭተውታል። ጨው ሲበዛ ልጆቹ ስለሚጠሉት፣ አደገኛም ስለሆነ፣ ማንኪያው ሞልቶ እንዳይቆለል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስለዚያ ቀን ለአንባቢ ማሳየት የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ክበቡ ያለው 11 ጥንድ ታኬታ ነው፤ ተጫዋቾቹ 18 ናቸው። ስለዚህ ተጫዋች ሲቀየር ጫማም አብሮ ይቀየራል። ዳኛ ደግሞ ክር እስኪፈታ አይጠብቅም፤ በዚህ ምክንያት ተጫዋቾቹ ሁሉ ክራቸውን አንዴ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ እንዲያስሩ ተደርጓል። በ60ኛው ደቂቃ የግራ ተከላካያችን ባቱ ተሸማቀቀና እያነከሰ ወጣ። መስመሩ ላይ ቁጭ ብሎ ታኬታውን አወለቀ፣ የውስጡን ላብ በማሊያው ጫፍ አብሶ ለተቀያሪው አቀበለው፤ የልጁ እግር ትልቅ ስለነበር ተረከዙን በጣቱ እየገፋ አስገባለት፣ ክሩንም ራሱ አሰረለት። ከዚያ ተነስቶ በጋለው አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ የውኃ ኮዳ ይዞ እስከ መጨረሻው ፊሽካ በመስመሩ ዳር ተመላለሰ። ሁለተኛዋ ግብ የተቆጠረችው ተቀያሪው ከግራ ባሻማት ኳስ ነው። በማግስቱ ሰኞ ታኬታው ታጥቦ፣ ቅርጹን እንዲይዝ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት፣ በጥላ ደርቆ ንብረት ክፍል ተገኘ። እሳት ዳር ቢደርቅ የሶሉ ማጣበቂያ እንደሚለቅ ልጆቹ ያውቃሉ።

ስለ ግማሽ ፍጻሜው ሽንፈት የተደበቀ ነገር የለም። ከአምስት ምት ሁለቱ በአግዳሚው ላይ ወጡ። ስንመለስ የልምምድ ሜዳችንን የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ በሜትር ስንለካው 10 ሜትር ከ20 ሆኖ ተገኘ፤ ሕጉ 11 ሜትር ይላል። ኖራው ዓመቱን ሙሉ የሚጣለው በእርምጃ ተለክቶ ነበር። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ነው፤ አሁን በሲባጎ ላይ ቋጠሮ ተደርጎ በዚያ ይለካል።

አምና ለዋንጫው ማስቀመጫ የመስታወት ሳጥን ሲሠራ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በዚያው ዓመትና ዘንድሮ ግን አንድም ኳስ አልተገዛም። ጠጠር ሜዳ ላይ የኳስ ቆዳ ከስፌቱ ይነሳል፣ ውኃ ሲጠጣም ሕጉ ከሚፈቅደው 450 ግራም በላይ ይከብዳል፤ በዚያ ኳስ በግንባር መግጨት የለመደ ልጅ ውድድር ላይ ምቱ ይሳሳትበታል። ከቀሩን ሦስት ኳሶች አንዱ በደረቅ መርፌ ተነፍቶ ቫልቩ ተቀዷል፤ መርፌው ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት።

ለመጪው መስከረም የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ስድስት ባለ 5 ቁጥር ኳስ፣ ሁለት የግብ መረብ፣ አንድ ጥንድ የበረኛ ጓንት፣ ሰባት ጥንድ ታኬታ። ከታኬታዎቹ አራቱ 42፣ ሁለቱ 41፣ አንዱ 39 ቁጥር ቢሆኑ ይበቃል። የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች፣ ያገለገለ ታኬታም ቢሆን ሶሉ ካልተላቀቀ እንቀበላለን። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በኩል ወይም በቀጥታ በስፖርት ንብረት ክፍል ማስረከብ ይቻላል፤ ክፍሉ ክረምቱን ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ክፍት ነው።