ቀለል ያሉትን ሞዴሎች አትናቋቸው

ውድ አዘጋጅ፦

ስለ ጥንቱ የአየር ንብረት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ ቀለል ያሉት የኮምፒውተር ሞዴሎች «ጊዜ ያለፈባቸው» ተብለዋል። በዚህ አልስማማም።

ትልልቆቹ ሞዴሎች ከባቢ አየርንና ውቅያኖስን በብዙ ትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍለው ያሰላሉ። ዝርዝራቸው ድንቅ ነው፤ ግን ቀርፋፋ ናቸው። አንድ የበረዶ ዘመን ዑደት ደግሞ ወደ 100,000 ዓመት ይፈጃል። ያን ሁሉ ዓመት በእነሱ ደጋግሞ ማስላት፣ ሱፐር ኮምፒውተር ቢኖርም ቀልድ አይደለም።

ከቀለል ያሉት ሞዴሎች አንዱን፣ ክላይምበር-2 የተባለውን እንይ። የከባቢ አየሩ አንድ ሳጥን 10 ዲግሪ ኬክሮስ በ51 ዲግሪ ኬንትሮስ ገደማ ይሸፍናል። አትላንቲክንም ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በአማካይ ጠቅልሎ ነው የሚያየው። ሸካራ ነው፣ አልክድም። ስለ አንድ ሸለቆ ዝናብ ብትጠይቁት መልስ የለውም። ግን ብዙ ሺህ ዓመታትን ቶሎ ያሰላል። ወደ ሰሜን አትላንቲክ የሚገባው ጨው አልባ ውሃ ትንሽ ቢጨምር የውቅያኖሱ ዝውውር ምን ይሆናል? ተመራማሪው መጠኑን እየቀያየረ ደጋግሞ መሞከር ይችላል።

ከዚህም የቀለለ አለ። አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ሄንሪ ስቶመል እ.ኤ.አ. በ1961 ውቅያኖስን በሁለት ሳጥን ብቻ ወከለው። በሙቀትና በጨው ልዩነት የሚነዳ ዝውውር፣ ሁኔታው ሳይለወጥ ሁለት የተለያዩ የተረጋጉ መልኮች ሊኖሩት እንደሚችል አሳየ። በሁለት ሳጥን! የዛሬዎቹ ግዙፍ ሞዴሎችም ይህንኑ ጉዳይ ገና እየፈተሹ ነው።

በቀጣዩ እትም ሁለቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን ብታስነብቡን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ