የታሪክና ባህል ክበብ፦ አገር የሌለው ንጉሥ ምን ይሠራል?

የክበባችን ዕቅድ ለዓመታት አንድ ዓይነት ነበር። አንድ ጉብኝት፣ አንድ ጥያቄና መልስ፣ ለወላጆች ቀን አንድ ድራማ። ዘንድሮ የ11ኛ ክፍል አባላት አሻፈረን አሉ። መነሻው የመልስ ቪዲዮ ነው። አንዷ አባላችን፣ አክስቷ ከዋሽንግተን በቴሌግራም የላከችላትን ይዛ መጣች። ሙሽሮቹ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ደርበው ዘውድ ደፍተዋል። «ቲቸር፣ ይሄ የንጉሥ ልብስ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ነው እንጂ! ካባ ድሮ የነገሥታትና የመኳንንት ነበር። ዛሬ የትም ያለ ሙሽራ ተከራይቶም ቢሆን ይደርበዋል። ከዚያ ወዲያ የዓመቱ ጥናታችን ራሱ መጣ፦ የአፍሪካ የንግሥና ሥርዓት በስደት አገር።

የመጀመሪያውን ውይይት ጥቅምት 23 አደረግን። ቀኗን ያወቀ ተማሪ አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በ1923 ዓ.ም በዚሁ ቀን ነው። እኛ ዘንድ እንደ ማንኛውም የትምህርት ቀን ያልፋል። ጃማይካ ላይ ግን ራስተፈሪያን ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ሲመቱና ሲዘምሩ ያድራሉ። ከበሮዎቹ ሦስት ናቸው፦ ባስ፣ ፈንዴና ሪፒተር። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ድምፁን በስፒከር ሲለቁት ግቢው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ።

ብዙውን ጊዜያችንን የወሰዱት ግን የጋና አሻንቲዎች ናቸው። ዙፋናቸው ወርቃማ በርጩማ ነው። ንጉሡ እንኳ አይቀመጥበትም። የሕዝቡ ነፍስ ያለችው እሱ ላይ ነው ብለው ስለሚያምኑ ለበርጩማው ራሱ ለብቻው መቀመጫ ይዘጋጅለታል። እ.ኤ.አ. በ1900 የእንግሊዙ ገዥ ሆጅሰን «አምጡልኝ፣ ልቀመጥበት» ቢል ጦርነት ተነሣ። የመሩት የኤጂሱ ከተማ ንግሥት እናት፣ ያ አሳንቴዋ የተባሉ ሴት ነበሩ። ተማርከው ሲሸልስ ደሴት ተጋዙ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1921 አረፉ። በርጩማውን ግን እንግሊዞች አላገኙትም። ሴት ተማሪዎቻችን ይህን ከሰሙ በኋላ አሻንቲዎች ድራማው ውስጥ መግባት አለባቸው አሉ።

ዛሬ አሻንቲዎች ኒውዮርክም ለንደንም አሉ። እዚያም አለቃ ይሾማሉ። ኬንቴ የሚባለውን ደማቅ ሽመና ያጣፋሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ በአለቃቸው ላይ ትልቅ ጥላ ይዘረጋሉ። አንድ የክበባችን ልጅ ታዲያ «ንጉሥ የሌለው አገር ሄዶ አለቃ መሾም ቅብጠት ነው» ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የሚጠቅመው ጥያቄ፣ ሰውዬው ምን ይሠራል የሚለው ነበር። ኒውዮርክ ያለው አለቃ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሰው ሲሞት መዋጮ ያሰባስባል፣ ለቅሶውን ያስተባብራል። ካባውን ብታወልቅለት ያው የዕድር ዳኛ ነው።

እኔ የወገንኩት ከዚህ በኩል ነው። ሥርዓቱ ሥራ ካለው ይኖራል፤ ለፎቶ ብቻ ከሆነ ጠብ ይወልዳል። የናይጄሪያ ኢግቦዎችን ተመልከቱ። ያም ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥራሥር ነው፤ የአዲሱን ያም በዓል በየደረሱበት ከተማ ሲያከብሩ ሁሉም ደስ ብሎት ይበላል። በሰው አገር «የኢግቦ ንጉሥ» ብሎ መሾም ሲመጣ ግን አገር ቤት ያሉ የባህል መሪዎች ራሳቸው ተቃወሙ።

ብራዚልንም በጨረፍታ አይተናል። ሬሲፊ ከተማ በካርኒቫል ጊዜ ማራካቱ የሚባለው ሰልፍ ይወጣል፤ ንጉሥና ንግሥት በጥላ ሥር ይሄዳሉ። ሥሩ በባርነት ዘመን አፍሪካውያን ይሾሟቸው ከነበሩት «የኮንጎ ነገሥታት» ይመዘዛል። በባርነት ውስጥ ሆኖ ንጉሥ መሾም! ያ «ቅብጠት ነው» ያለው ልጅ እዚህ ላይ ዝም አለ።

ለወላጆች ቀን ትርኢቱን አዘጋጀን። አንደኛው ክፍል የራሳችን ነው፦ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ተቀብለው የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ። ሁለተኛው የአሻንቲ አለቃ ሹመት በኒውዮርክ። ጭንቁ ጥላው ላይ ነበር። ድባብ ከቤተ ክርስቲያን እንዋስ ያሉ ነበሩ፤ ለድራማ አይሆንም ብዬ ከለከልኩ። በመጨረሻ የአንድ ካፌ በረንዳ ጃንጥላ ተዋስን፤ የልብስ ስፌት የሚያውቁ እናቶች ቀይና ቢጫ ጨርቅ አለበሱት፣ ዙሪያውን ዘርፍ ሰፉለት።

አሻንቲዎች ጥላውን ዝም ብለው አይዙም። በከበሮው ምት ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ አለቃውን ነፋስ ያገኘዋል፣ ጥላውም አብሮ የሚጨፍር ይመስላል። የእኛ ጃንጥላ ያዥ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሁለቴ ሲያነሣው ክንዱ ዛለ። ሦስተኛው ላይ የአለቃው ዘውድ ወደ ወላጆች ወንበር ተሽቀነጠረ። አንዲት እናት አንሥተው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጠርገው፣ መድረክ ላይ ወጥተው ራሳቸው ደፉለት። እልልታው ቀለጠ። እንዲህ ያለ ሹመት በጽሑፋችን ውስጥ አልነበረም።

በመጪው ዓመት ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከከተማችን አዛውንት የሰማነውን በድምፅ ቀድተን እናሰባስባለን። መቅረጫ ስልክ ያላችሁ፣ አያት ያላችሁ ተመዝገቡ። ጃንጥላ ያዥም እንፈልጋለን፤ ክንዱ የጠና ይሁን።